ላከሩ ለምን ነጣ? ግቢ ውስጥ የቤት ዕቃ ላከር ለሚረጩ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ቱሉ ዲምቱ ባለችው የቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ አንድ የዋንዛ ብፌ ላከር (የእንጨት ማብሪያ ቅብ) ረጨሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ። ስጨርስ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በማግስቱ የብፌው ባለቤት፣ እማማ፣ መጡ። ጠጋ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ሻግቷል እንዴ?» አሉኝ። አልሻገተም፤ ነጥቷል። ግን ይሄን ለእሳቸው ማስረዳት ምን ዋጋ አለው? ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ያውም በራሴ ወጪ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ላከር የተበላሸበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ላከሩ ፎርጅድ ነው።» አንዳንዴ ልክ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው የተበላሸው ገና መርጫው ሳይነሳ ነው። ስለዚህ ስለ ዝግጅቱ ብዙ እላለሁ፤ ስለ መርጨቱ ጥቂት።

## መጀመሪያ የላከሩን ዓይነት ለዩ

ሱቅ ገብታችሁ «ላከር ስጠኝ» ብቻ አትበሉ። በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንዱ ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነው። ለማሳጠር ናይትሮ ልበለው። የሚቀጥነው በቲነር ነው፤ የሚደርቀውም ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ነው። አዲስ እጅ ስትረጩበት የታችኛውን ትንሽ አቅልጦ አብሮት ይዋሃዳል። ስለዚህ ቢበላሽም ማስተካከል አያስቸግርም።

ሌላው ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩረቴን ነው። ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ በኬሚካል ለውጥ ይጠነክራል። ውሃና ሙቀት በደንብ ይችላል። ግን ከተደባለቀ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ መርጫው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ደግሞ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ሊያመጣም ይችላል። ባለ ካርትሪጅ (የጋዝ ማጣሪያ የተገጠመለት) ማስክና ጥሩ አየር የሌለው ሰው ባይነካው ይሻላል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ናይትሮ ነው። አንድ ነገር ግን ያዙ፦ በናይትሮ ላይ ፖሊዩረቴን አትርጩ። የታችኛውን አሳብጦ ያጨማድደዋል።

## ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ቲነር ሲተን የተረጨውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ እዚያ ቅዝቃዜ ላይ ጤዛ ይይዛል። ቀዝቃዛ የቢራ ጠርሙስ ላይ የምታዩት ላብ ማለት ነው። ያ ውሃ ላከሩ ውስጥ ታምቆ ሲቀር ዕቃው ይነጣል። የእኔን ብፌ ያበላሸው ይሄው ነው።

1. ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። የቆርቆሮ ጣሪያ ካላችሁ ደግሞ ሌሊት የያዘው ጤዛ ጠዋት ይንጠባጠባል። ጣሪያውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ጠብቁ።
2. የመጨረሻውን እጅ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ብርዱ ሳይመጣ ላከሩ ትንፋሹን ማውጣት አለበት።
3. ስልካችሁ ላይ የአየሩን እርጥበት እዩ። ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነም እንደዚያው።
4. ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ለደንበኛ ቁርጥ ያለ ቀን አትስጡ። «ዝናቡ ካባራ» ብላችሁ ተናገሩ። ይናደዱ ይሆናል፤ ከነጣ ብፌ ይሻላል።

ጥቅምትና ኅዳር ወርቅ ናቸው። ጥር ከገባ በኋላ እርጥበቱ ይቀርና አቧራው ይተካል።

## ደረጃ 2፦ ቦታውን አዘጋጁ

ከከተማው ዳር ያለን ሰዎች ትልቁ ጠላታችን መንገዱ ነው። አንድ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው በር አያንኳኳም።

1. በመንገድ በኩል ያለውን ክፍተት በሸራ ወይም በላስቲክ ሸፍኑ። በሌላው በኩል ግን አየር መውጫ ተዉ። ሙሉ በሙሉ የታፈነ ቤት ውስጥ መርጨት አደገኛ ነው።
2. ሰጋቱራውን ከአንድ ቀን በፊት ጥረጉ። በዚያው ቀን ከጠረጋችሁ ብናኙ ለሰዓታት ተንሳፎ ይቆይና ላከራችሁ ላይ ያርፋል።
3. በበጋ ወለሉን ከአንድ ሰዓት በፊት ትንሽ ውሃ እርጩት። በክረምት ይሄን አታድርጉ፤ እርጥበት እየጨመራችሁ ነው።
4. ዕቃውን ካቫሌቶ (ባለ እግር የእንጨት መደገፊያ) ላይ ከፍ አድርጉት። መሬት ላይ ከተቀመጠ የመርጫው ንፋስ ወለሉን አንስቶ እግሩ ላይ ይለጥፈዋል።

ስለ እሳት። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ወለሉን እየሄደ ራቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። ግቢው ውስጥ ቡና ከተፈላ፣ ከሰል ከተያያዘ ወይም ቡታጋዝ ከበራ አትርጩ። ለባለቤቲቱ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ቡናው ከሥራ በኋላ ይደርሳል። ጀነሬተርና ኮምፕረሰር ከመርጫው ቦታ ውጭ ይቀመጡ። ግድግዳ ላይ የደረቀው የናይትሮ ብናኝም እንደ ክብሪት ይነዳል፤ ሳይጠራቀም በማይፈነጥቅ ነገር ፍቃችሁ ከግቢ አውጡት።

የኮሮና ማስክ ለአቧራ እንጂ ለቲነር ሽታ ምንም አይሠራም። ባለ ካርትሪጅ ማስክ ግዙ። አፍንጫችሁ ቲነር ከሸተተው ካርትሪጁ አልቋል ወይም ማስኩ ፊታችሁ ላይ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው።

## ደረጃ 3፦ እንጨቱን አዘጋጁ

እዚህ አትቸኩሉ። የሥራው ግማሽ ይሄ ነው፤ ምናልባት ከግማሽም ይበልጣል።

ድርቀቱን እወቁ። የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ ከዚያው እንጨት ትንሽ ቁራጭ ውሰዱና በማእድ ቤት ሚዛን መዝኑት። ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡና በየቀኑ መዝኑ። ክብደቱ ከቀነሰ እንጨቱ ገና ውሃ እየለቀቀ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ለተከታታይ ቀናት ካልተለወጠ ጀምሩ። ባህር ዛፍ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እርጥቡን የሠራ ሰው ላከሩም እንጨቱም አብረው ይሰነጠቁበታል።

አሮጌ ዕቃ ከሆነ የነበረውን ቅብ ፈትኑ። የማይታይ ቦታ ምረጡ።

1. ጨርቅ ላይ አልኮል አድርጋችሁ ሹት። ከተሟሟና ከተጣበቀ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የድሮ ቅብ) ነው።
2. አልኮሉ ካልነካው በቲነር ሞክሩ። ከቀለጠ ናይትሮ ነው፤ አጽድታችሁና አሻሽታችሁ ከላይ መርጨት ይቻላል።
3. በቲነር ከተጨማደደና ከተነሳ የዘይት ቀለም ነው። ሁሉንም ልጡት። «ቀጭን እጅ ብረጭበት ይችላል» የሚባለውን አትስሙ። አይችልም።
4. ምንም ካልሆነ የፖሊዩረቴን ዘር ሊሆን ይችላል። በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በደንብ አደብዝዙት፤ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ።

ማሻሸት።

1. በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ። ከዚያ 180፣ ከዚያ 240። ቁጥር አትዝለሉ፤ የ120ው ጭረት ሲለር (ከላከሩ በፊት የሚረጨው መሠረት) ሲነካው እንደ ጽሑፍ ይወጣል።
2. ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከተሉ። አግድም ከሄዳችሁ ቲንቱ (የእንጨት ማቅለሚያው) ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይጠቁራል።
3. ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። በጣት የተሻሸ ገጽ ሲያበራ ጉድጓድ ጉድጓዱ ይታያል።
4. በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ጥረጉት። የእንጨቱ ፀጉር ይቆማል። ሲደርቅ በ240 ቀስ ብላችሁ አንሱት። ይሄን የዘለለ ሰው ሲለሩን ረጭቶ «ለምን ሻከረ?» ይላል።
5. የምስማር ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ ድፈኑ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መድፈን የተለመደ ነው፤ ኮላ የነካው ቦታ ግን ቲንት አይጠጣም። ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ኮላ ከተፋሰሰ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ኤም ዲ ኤፍ ከሆነ ፊቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ የተቆረጠው ጠርዝ ነው። እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ጠርዙን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲለር አጠጡት፤ በየመሃሉ አሻሹት።

ቅባት። ሎሽን የተቀባ እጅ፣ ላብ፣ ቅቤ የነካ ጨርቅ፣ የመኪና ጎማ ማብሪያ፤ እነዚህ ሁሉ ላከር ይገፋሉ። አንድ ረዳቴ ጠዋት ፀጉሩን ተቀብቶ መጥቶ በዚያው እጁ የጠረጴዛ ፊት ተደግፎ ነበር። አምስቱም ጣቶቹ ላከሩ ላይ ወጡ። አሁን ሥራ ሲጀመር በመጀመሪያ እጅ መታጠብ ነው።

## ደረጃ 4፦ ቲነሩን ፈትኑ

መርካቶም ሆነ ሰፈር ሱቅ ቲነር በሃይላንድ እየተቀዳ ይሸጣል። ከቻላችሁ ከላከሩ ጋር የአንድ ፋብሪካ የሆነ፣ የታሸገ ግዙ። ካልቻላችሁ ሁለት ፈተና አድርጉ።

1. ንጹህ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣሉ። ተንኖ ሲያልቅ የዘይት ክብ ከተወ መልሱት።
2. ጥቂት ላከርና ቲነር በብርጭቆ ደባልቁ። ከደፈረሰ ወይም እንደ እርጎ ከቋጠረ አትጠቀሙበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቲነር በውሃ ሃይላንድ አታስቀምጡ። ውሃ መስሎት ልጅ ሊጠጣው ይችላል፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን በጥማት። በቆርቆሮ ጣሳ አድርጉ፣ ጻፉበት፣ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፉበት። የጠጣ ሰው ካለ አታስመልሱት፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

## ደረጃ 5፦ ቲንት

ዋንዛ በራሱ መልክ ያምራል፤ ብትተዉት ደስ ይለኛል። ደንበኛው «ጠቆር ይበል» ካለ ግን ቲንቱ ከሲለር በፊት ይገባል። በጨርቅ ቀቡ፣ ትርፉን ወዲያው ጥረጉ። የሰሌዳው ጫፍ አብዝቶ ስለሚጠጣ እዚያ በጣም ትንሽ ንኩ። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክራችሁ ላከሩንም ጨምራችሁ ለደንበኛው አሳዩ፤ ደረቅ ቲንትና ላከር የለበሰ ቲንት አንድ አይደሉም።

## ደረጃ 6፦ ሲለር

1. ሲለሩን በደንብ አማስሉ። ነጩ ዱቄት ከታች ይዘቅጣል።
2. እኩል በእኩል በቲነር አቅጥኑ፤ ጣሳው ላይ ሌላ ልክ ካለ እሱን ተከተሉ። በጨርቅ ወይም በአሮጌ ስቶኪንግ አጥልሉ።
3. አንድ እጅ ርጩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ።
4. ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። በ320 ወይም 400 ቁጥር አሻሹ።

ሲለሩ መድረቁን የሚነግራችሁ ወረቀቱ ነው። ነጭ ዱቄት ከሆነ ደርቋል። ወረቀቱ ላይ ተንከባሎ እንደ ሊጥ ከያዘ ተዉት፣ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ።

እንደ መስታወት የለሰለሰ ገጽ ከፈለጋችሁ የዋንዛው ቀዳዳዎች መሞላት አለባቸው፤ ስለዚህ ረጩ፣ አሻሹ፣ ድገሙ። ሲለር ላይ ግን አትከምሩ። ለስላሳ ስለሆነ ሲወፍር ላከሩ ከላይ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 7፦ ላከሩን ርጩ

በመጀመሪያ የኮምፕረሰሩን ታንክ ከታች ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ። በየቀኑ። ያ ውሃ ካልወጣ ከላከሩ ጋር ተረጭቶ ይነጣል።

1. ላከሩን እኩል በእኩል አቅጥኑና አጥልሉ።
2. ግፊቱን ማስፈንጠሪያውን ይዛችሁ እያለ ከ2 እስከ 3 ባር አድርጉ። የመርጫው አፍንጫ 1.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል።
3. ካርቶን ላይ ሞክሩ። ቅርጹ ረዘም ያለ እንቁላል መምሰል አለበት። ወደ አንድ ጎን ካደላ አፍንጫው ቆሽሿል።
4. ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ራቁ። አንድ ስንዝር በሉት።
5. ክንዳችሁን እንጂ የእጃችሁን አንጓ አታዙሩ። መርጫው እንደ በር ከተወዛወዘ መሃሉ ይወፍራል፣ ጫፉ ይሻክራል።
6. ከዕቃው ውጭ ጀምራችሁ ከዕቃው ውጭ ጨርሱ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ።
7. መጀመሪያ ጠርዝና እግር፣ ከዚያ ጎን፣ በመጨረሻ ዋናው ፊት።
8. በብርሃን አንጻር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ርጥበቱ ወጥ ሆኖ ማብራት አለበት።
9. በየእጁ መሃል ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ሦስት ቀጭን እጅ ይበቃል። ከመጨረሻው በፊት በ400 ቀስ ብላችሁ አሻሹ፣ ዱቄቱን ንፉ፣ ጥረጉ።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ታንኩ ውስጥ የቀረው አየር ብዙ አይቆይም። አዲስ ፊት አትጀምሩ፤ የጀመራችሁትን ብቻ ጨርሱ። ያልደረሰ ፊት ካለ አትንኩት። መብራት ሲመጣ 400 አስነክታችሁ ሙሉ ፊቱን ድገሙ። ናይትሮ ስለሆነ ይዋሃዳል።

ባለ ቀለም ላከር ኤም ዲ ኤፍ ላይ ስትረጩ መንገዱ ያው ነው። ጥቁር ብቻ ምሕረት የለውም፤ ነጭ የደበቀውን ጭረት ሁሉ ያወጣል። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ጥቁር አትቀበሉ።

## ሲበላሽ

ከነጣ። አትደንግጡ፤ በላዩም አትከምሩ። ደረቅ ቀን፣ እኩለ ቀን ጠብቁ። ሪታርደር (ትነትን የሚያዘገይ ፈሳሽ) ወይም ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ጤዛ እስኪመስል ርጩበት። ላከሩ ይለሰልስና የታመቀው ውሃ ይወጣል። አብዛኛው ጊዜ ዓይናችሁ እያየ ይጠራል። ካልጠራ በ400 አሻሽታችሁ አንድ እጅ ድገሙ።

ከፈሰሰ። በጣት አትንኩ፣ በጨርቅ አትጥረጉ። አንድ ቀን ይደር። በምላጭ ቀስ አድርጋችሁ ላጩት፣ በጠፍጣፋ እንጨት በ400 አስተካክሉ፣ ድገሙ። ምክንያቱ መቅረብ ወይም እጅን ማዘግየት ነው።

የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ። ላከሩ ወፍሯል፣ ግፊቱ አንሷል ወይም ርቃችኋል። ሲደርቅ በ600 በውሃ አሻሹ፤ ውሃው ደርቆ ሲያልቅ ትንሽ አቅጥናችሁ ድገሙ።

ሻካራ ዱቄት ከሆነ። ላከሩ ሳይደርስ በአየር ላይ ደርቋል። ቅረቡ፣ ንፋሱን ከልሉ። ቀኑ በጣም ሞቃት ከሆነ ዝግ ያለ ቲነር ጨምሩ።

ክብ ክብ ጉድጓድ ካወጣ። የዓሣ ዓይን ይሉታል፤ ቅባት አለ ማለት ነው። ርጥብ እያለ ካያችሁት የተረጨውን በቲነር ጥረጉና እንደ አዲስ ጀምሩ። ከደረቀ አሻሹ፣ በንጹህ ጨርቅና ቲነር ጥረጉ፣ መጀመሪያ ብናኝ ብቻ የሚመስል ሁለት ሦስት ደረቅ እጅ ርጩ። ወፍራም እጅ ጉድጓዱን አይሞላውም።

ፊኛ ካወጣ። ወፍራም ረጭታችሁ ፀሐይ ላይ አውጥታችኋል። ዕቃ በጥላ ይደርቃል። ፊኛውን አሻሽታችሁ አጥፉ፣ ቀጭን ድገሙ።

ከተጨማደደ። ከስር የዘይት ቀለም አለ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሁሉንም ልጡት። አዝናለሁ።

## ደረጃ 8፦ ማብራትና ማስረከብ

ትንሽ አቧራ ከተለጠፈ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ። በ1500 ከዚያ በ2000 ቁጥር፣ ሳሙና ባለው ውሃ አሻሹ። በፖሊሽ አብሩት። ጠርዝ ላይ አትጫኑ፤ ላከሩ እዚያ ቀጭን ስለሆነ ወዲያው እንጨት ይወጣል።

መርጫውን በዚያው ሰዓት በቲነር እጠቡ። ነገ አይባልም።

ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አትጫኑ። ሲነካ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ነው፤ የላስቲኩ ሽብሽብ ታትሞ ይቀራል። በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ከሁለት ቀን በፊትም አታንቀሳቅሱ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲነዳ አንዱ ዕቃ ሌላውን እንዳይነካ መሃላቸው ካርቶን አስገቡ።

ለደንበኛው ይሄን ንገሩ፦ ለሁለት ሳምንት ምንም ከባድ ነገር አይቀመጥበት። የጠረጴዛ ላስቲክ ደግሞ ጭራሽ አይነጠፍበት፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ናይትሮን አለስልሶ ይጣበቃል። የቲቪው የላስቲክ እግርም እንደዚያው ነው፤ ከስሩ ወፍራም ጨርቅ ይደረግ። እማማ ይሄን ብነግራቸውም ቲቪውን እንዳለ ጭነውት ነበር። አሁን ብፌው ላይ አራት ጥቁር ክቦች አሉ፤ እሳቸው ግን ዳንቴል ጣል አድርገውበት «ምንም አይል» ብለውኛል።